እናቴንና የሐዋሳ እንግዶችን ይዤ ባሕር ዳር፦ ምን እንይ? የት እንብላ?

የማርቆሱ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። በጥቅምት መጨረሻ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ነው። ዓርብ ማታ እንገባለን፣ ሰኞ ጠዋት እንመለሳለን። ብቻዬን ብሆን አንድ ጥግ ይዤ ቡናዬን እየጠጣሁ ጣናን ሳይ እውል ነበር። ግን እናቴ አለች። ከሐዋሳ የመጡ የአክስቴ ልጅ፣ ባሏና ሁለት ልጆቻቸውም አሉ።

እናቴ ገዳም መሳለም ነው የምትፈልገው። ጉልበቷን ያማታል፣ ደግሞ ጽጌን ትጾማለች። ዓሣ አትቀምስም። የአክስቴ ልጅ ባል በተቃራኒው ከዓሣ ሌላ ወሬ የለውም። «የሐዋሳን የበላ ሌላ አያምረውም» እያለ ጆሮዬን በልቶታል። ልጆቹ ጉማሬ ካላየን ብለዋል። እኔ ደግሞ ጢስ ዓባይ ውሃ ይኑረው አይኑረው ማወቅ እፈልጋለሁ። አንዱ ደርቋል ይላል፣ ሌላው ሞልቷል ይላል።

ባሕር ዳርን የማውቃት በጉዳይ ነው። ከመናኸሪያና ከቢሮ በር ውጭ አላየኋትም። እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ጣና ዳር፦
እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን ያዝልኝ፦ ሐይቁ የጠዋት ነው። ጠዋት ጣና እንደ መስታወት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጀልባዋን ያንገጫግጫታል፣ ውሃም ይረጫችኋል። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ግን ከጀልባ መውረዱ ራሱ ፈተና ይሆናል። ስለዚህ ጠዋቱን ለውሃው፣ ከሰዓቱን ለከተማው አድርገው።

ገዳሙን በተመለከተ፣ ሁሉም ገዳም ሴት አያስገባም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው። ሰው ይህን ሳያውቅ ይሄድና እናቱን ወደቡ ላይ ጥሎ ይገባል፤ በጣም ያሳዝናል። እናትህን የምትወስዳት ዘጌ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ ሁሉም እዚያው አንድ ጫካ ውስጥ ናቸው። ሴትም ወንድም ይገባል። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ጥሩ ሞተር ከሆነም አይሞላም።

ዑራ ስትገቡ አትቸኩሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ ዙሪያውን መዞሪያ አለው። መቅደሱ በአራቱም በኩል ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው የተሣለው፤ ጠጋ ብለህ ስታይ የጨርቁ ጠርዝ አንዳንድ ቦታ ላይ ተነሥቶ ታየዋለህ። በሮቹ ከአንድ ግንድ የወጡ የሚመስሉ ወፋፍራም ሳንቃዎች ናቸው። እናትህ ሥዕሉን እያየች ታሪኩን ለልጆቹ ትንገራቸው። ከአስጎብኚ ይሻላል። የኔ እናት በላኤ ሰብዕ ጋ ስትደርስ ቆማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካልተረከች አትነቃነቅም።

ግቢው ውስጥ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወልም አለ። ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ ድንጋይ ነው ብትሏቸው አያምኑም።

ሐዋሳዊ፦
ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። የአክስትህ ልጅ ባል ልክ ነው። የሐዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ዓሣ የበላ ሰው ሌላ ቦታ ሲሄድ በትሕትና ይቀምሳል እንጂ አይበላም። 😄

ወጥ ቀማሽ፦
ጀመረን እንግዲህ! @ሐዋሳዊ፣ አሞራ ገደልን አልንቅም፤ ጥሩ ነው። ግን ጣና ከሐዋሳ ሐይቅ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ፣ 37 ደሴት የያዘ ባሕር ነው። ዓሣውም ዓይነቱ ብዙ ነው። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ነጭ ዓሣ አለ። ነጩ ዓሣ ውስጥ ደግሞ ከጣና በቀር የትም ዓለም ላይ የሌሉ ዝርያዎች አሉ። የዓሣ ተመራማሪዎች ለዚህ ሲሉ ነው ከባሕር ማዶ ድረስ የሚመጡት።

የማርቆሱ ልጅ፣ እንግዳህን እንዲህ አድርገህ አብላው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ወደብ ወደሚያወጡበት ቦታ ረፈድ ሲል ሂዱ። ሲገነጥሉትና ሲያጥቡት ታያላችሁ። ይብራዎቹ ከአስጋሪዎቹ እግር ሥር ተሰልፈው አንጀቱ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ፤ ልጆቹ ከዓሣው ይልቅ እነሱን ነው የሚወዱት። እዚያው አጠገብ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ስም አልጠራም፤ ዛሬ ያመሰገንኩት ቤት ነገ ወጥ ቤቷን ትቀይርና እኔ እሰደባለሁ። መለያውን ግን ልንገርህ። ዓሣውን ከመጠበሱ በፊት አሳዩኝ በል። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን። ዓይኑ ደመና ከመሰለ አመስግነህ ውጣ።

ቆሮሶ ሙሉውን ጥብስ ነው የሚያምርበት። ጎንና ጎኑን በቢላ ሸንተር ሸንተር ያደርጉታል፣ ከዚያ የፈላ ዘይት ውስጥ ነው። ሸንተሩ ሲጠበስ ይከፈትና ጠርዙ ይንኮሻኮሻል። በእጅህ ከጀርባው በኩል ጀምር፤ ሥጋው ከአጥንቱ ራሱ ይለቃል። ሎሚ ጨምቅበት፣ አዋዜ አጥቅስ። ልጆቹ አጥንት ስለሚያስቸግራቸው ለእነሱ ኮተሌት እዘዝላቸው። አምባዛ ካገኛችሁ ጉላሽ ይሁን፤ ሥጋው ወፍራም ነው፣ ቁሌት ይችላል። ለብለብ የሚሉትም አለ፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ሰው ላይ አልፈርድም።

ወልደ ጽጌ፦
ስለ እናትህ አንድ ነገር ልጨምር። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ የፈቃድ ጾም ነው። እሳቸው ከያዙት ግን እንደ ሌላው ጾም ነውና «ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም» እያላችሁ አታስጨንቋቸው። ደስ የሚለው ደግሞ የምትሄዱት ቅዳሜና እሁድ መሆኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ከፍስክ ምግብ ይጾማሉ እንጂ የሰዓት ጾም የለም። ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው ጀልባ ላይ ይወጣሉ ማለት ነው።

ቀልድ አዋቂ፦
ዓሣ በጾም ይበላል እኮ። ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ...

ወልደ ጽጌ፦
አውቃለሁ ወንድሜ፣ የትኛው ጾም ላይ እንደሚፈቅድና የትኛው ላይ እንደማይፈቅድ ብዙ ተብሏል። እሱን ለሌላ ክር እንተወው። ሴትዮዋ አልበላም ካሉ አልበላም ነው።

ጣና ዳር፦
አመሰግናለሁ @ወልደ ጽጌ። እዚህ ቤት የዓሣ ክርክር ከተጀመረ እስከ ፋሲካ አያልቅም።

ለእናትህ በያይነቱ የማያቀርብ ቤት ባሕር ዳር የለም። ግን ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ያለበትን ጠይቁ። ሽሮው ሲመጣ እንጀራውን አይታ «ይቺ የኛ ጤፍ ናት» ካለች ጥሩ ቤት ገብታችኋል።

ባለ ሞተር፦
እኔ ጀልባ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ለራሴ ስል ነው የሚል ካለ ይበል። አንዳንድ ነገር ልምከርህ።

ጀልባ የሚከራየው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። ስድስት ሰው ሆናችሁ እንደ ሁለት ሰው ነው የምትከፍሉት። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ከባለ ጀልባው ጋር ጨርሱ፤ የት የት እንደምትቆሙ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ሁሉንም። መንገድ ላይ «ጀልባ ልያዝልህ» ብሎ የሚከተልህ ደላላ ኮሚሽኑን ከአንተ ኪስ ነው የሚያወጣው። የገዳም መግቢያ ለየብቻው ነው፣ እዚያው ለገዳሙ ትከፍላላችሁ።

ሕይወት አድን ጃኬት ለልጆቹ በልካቸው እንዲሰጡህ ጠይቅ። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ዋጋ የለውም፣ ውሃ ውስጥ በራሱ በኩል ሹልክ ብሎ ይወጣል። የልጅ የለንም ካሉህ ሌላ ጀልባ ፈልግ።

ጉማሬ የምታገኙት ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ላይ ነው። ከዘጌ ስትመለሱ በዚያ በኩል ዞር በል በሉት። ውሃው ቀለሙ ሲቀየር፣ ዝም ብሎ የነበረው መሄድ ሲጀምር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጉማሬው ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ነው የሚተኛው፤ ልጆቹ ድንጋይ ነው ይላሉ፣ ከዚያ ድንጋዩ ይተነፍሳል። ጠጋ በል ብለህ ባለ ጀልባውን አታስገድደው። የሚያውቅ ሰው አይጠጋም።

ታንኳ ደግሞ ብዙ ቦታ ታያላችሁ። የሚሠራው ከደንገል ነው። ወይጦዎች ናቸው ጌቶቹ፤ እንደነሱ የሚያስር የለም። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ ሲመለሱ አውጥተው አቁመው ያደርቁታል። ዛፍ ተደግፎ የቆመ ታንኳ ካያችሁ እሱ ነው። ዕድሜው አጭር ነው፣ አዲስ መሥራት ዘወትር ነው።

ደጀን ተጓዥ፦
ዳጋ እስጢፋኖስን ሳያዩ ጣናን አየሁ ማለት ይቻላል? የነገሥታቱ አስከሬን ያለበት ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዐፄ ፋሲለደስ... ናርጋ ሥላሴም አለ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት። እኔ ብሆን አንድ ቀን ሙሉ ለዚያ እሰጣለሁ።

ጣና ዳር፦
ይቻላል እንጂ። ናርጋ ያለበት ደቅ ደሴት ድረስ ለመሄድ ብቻ በሞተር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። መመለሻው ደግሞ ከነፋስ ጋር። ልጆችና ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዞ? ያውም ዳጋ ሴት አያስገባም። ለወንድ ጓደኞችህ ጉዞ አድርገው። ናርጋ ግን ሴትም ይገባል፤ እሱን አንድ ቀን ለብቻው እናትህን ይዘህ ተመለስበት።

የማርቆሱ ልጅ፦
እናንተ ሰዎች ተባረኩ። እናቴ ክሩን እያነበብኩላት ነው። «ያቺ ጣና ዳር የምትባለው ልጅ ጨዋ ናት» ብላለች። ጢስ ዓባይስ?

የኮረንቲ ሰው፦
ልጄ፣ እኔ በኤሌክትሪክ ሥራ ነው ያረጀሁት። ደርቋል የሚለውም ሞልቷል የሚለውም ሁለቱም አይተው ነው የሚያወሩት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ውሃው ፏፏቴው ጋ ከመድረሱ በፊት ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። ጢስ ዓባይ አንድ በ1956 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው፤ ትንሽ ነበር፣ ፏፏቴውን ብዙም አልጎዳውም። በ1993 ጢስ ዓባይ ሁለት ሲጨመር ግን አለቱ ራቁቱን የሚቀርበት ወር መጣ። ጣና መውጫ ላይ ጨረጨራ የሚባል የውሃ መቆጣጠሪያ በር አለ፤ ምን ያህል ይልቀቅ የሚባለው እዚያ ነው። በ2002 ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ፣ 460 ሜጋ ዋት። እሱ የሐይቁን ውሃ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወስዶ በለስ ወንዝ ላይ ይጥለዋል። ያ ውሃ ጢስ ዓባይን አያያትም።

ስለዚህ በጋ ላይ የሄደ ሰው ሦስት አራት ቀጭን ጅረት አይቶ ይመለስና ተታለልኩ ይላል። እናንተ የምትሄዱት ግን ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ጢም ባለበት ጊዜ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ጊዜው ነው። ከፍታው 40 ሜትር ገደማ ነው፣ ሲሞላ ጢሱ ፊት ለፊት ቆሞ ያየውን ሰው ልብስ ያርሳል። ለልጆቹ ቅያሪ ያዙ።

ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በድንጋዩ ድልድይ በኩል ነው፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ፣ የፖርቹጋል ድልድይ የሚሉት። ቁልቁለትና አቀበት አለው። ሌላው በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ በሜዳው መሄድ ነው፤ አጭርና ለጥ ያለ ነው። እናትህን በሁለተኛው ይዘሃት ሂድ። እናንተ ጉልበት ያላችሁ በድልድዩ ሄዳችሁ ፏፏቴው ፊት ተገናኙ። ድልድዩን ሳያዩ መመለስ ግን ነውር ነው። 400 ዓመት ሊሞላው የቀረበ ድንጋይ ነው፣ ዛሬም ከብትና ሰው ይሻገርበታል።

ዳሞቴ፦
ስለ መንገዱ ማንም አላነሣም። ከማርቆስ ስትነሣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ቀን ደውለህ ጠይቅ፤ ትናንት የሰማኸውን አትመን። ክፍት ከሆነ በጊዜ ውጣ። ቡሬ ላይ በርበሬ ለመግዛት እናትህ መኪና ታስቆማለች፣ እወቀው። እንጅባራ ላይ ብርድ ነው፤ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጡ ልጆች አሉ፣ እሱን እንዳታልፉ። እንጅባራ ልትገቡ ስትሉ ዘንገና ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ነው። ክብ ነው፣ የእሳተ ገሞራ አፍ ነበር ይላሉ። ልጆቹ እግራቸውን ለማፍታታት ጥሩ ነው።

ፔዳ 2009፦
ከተማውን ረስታችሁታል። ማታ ማታ በዘንባባው መንገድ በእግር መሄድ አለ እኮ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ነው የተመረቀው፣ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መንገድ አለው። ፀሐይ ስትገባ እዚያ ቁሙ። አጠገቡ አሮጌው ድልድይ ቆሟል፣ ከ60 ዓመት በላይ የተሸከመ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ብትወጡ ደግሞ ሐይቁም ዓባይም ከተማውም በአንድ ዓይን ነው። በባጃጅ ይወጣል።

ቅዳሜ ገበያም አለ። እኔ ተማሪ ሳለሁ አገልግል ለእናቴ የገዛሁት እዚያ ነው። የባሕር ዳር አገልግል ቆዳው ጥሩ ነው፣ ዛሬም ቤታችን ይሠራል።

ቀልድ አዋቂ፦
ገበያ ምን ያደርግላቸዋል? ግፊያ፣ አቧራ፣ ኪስ አውላቂ። ይዝለሉት።

ፔዳ 2009፦
የጎጃም እናት ገበያ ሳታይ ትመለስ እያልክ ነው? አንተ ታርቃታለህ?

የማርቆሱ ልጅ፦
ገበያው አይዘለልም፣ ተወስኗል (እናቴ)። ግን ግራ ገባኝ። ገበያው ቅዳሜ ነው። ዘጌን ቅዳሜ ጠዋት ካደረግሁ ገበያው ያመልጠኛል። ዘጌን እሁድ ላድርገው?

ወልደ ጽጌ፦
እሁድ አይሁን። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። ስትደርሱ ቅዳሴ ላይ ከሆነ ሥዕሉን ዞሮ ማየት የለም፣ ቆሞ ማስቀደስ ነው። ለእናትህ ጥሩ ነው፣ ለልጆቹና ለባለ ጀልባው ግን ረጅም ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንግዳ ሁሉ አያውቀውም። በጽጌ ወራት ከቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት ማሕሌተ ጽጌ ይቆማል። እናትህ ቅዳሜ ማታ ጊዮርጊስ ይሂዱ። ከሐይቁ ዳር ነው፣ ከመሐል ከተማ በእግር ይደረሳል። መቋሚያና ጸናጽሉን፣ ያንን ዜማ ሰምተው ሌሊቱን እዚያው ቆይተው አስቀድሰው ይወጣሉ። ግቢው አጠገብ ያለውን የድሮ ድንጋይ ቤትም ጠዋት ሲነጋ ያዩታል፤ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የኢየሱሳውያን ቄስ ያሠራው ነው ይባላል።

ጣና ዳር፦
በቃ፣ ተፈታ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀልባ፣ ዘጌ ላይ ሁለት ገዳም ብቻ፣ ዑራና አዝዋ። ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። መንገዱ ላይ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አሉ፤ የዘጌ ቡና ከጫካው እንደወጣ ነው፣ ጠጡ። መኸሩ ገና ስለሚሆን ቀይ ፍሬው ዛፉ ላይ ይሆናል፣ ልጆቹ ቡና ከምን እንደሚመጣ ይዩ። ስትመለሱ ጉማሬ፣ ምሳ ዓሣ፣ ከዚያ ገበያ። ገበያው ከሰዓትም አይፈርስም። እናትህ ከገበያ መልስ አረፍ ትበልና ለሌሊቱ ማሕሌት ትነሣ።

እሁድ እናትህ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትንሽ ትተኛና ወደ ጢስ ዓባይ ትወጣላችሁ። ጢስ ዓባይ ከሰዓት ቢሆን ምንም አይደለም፣ ነፋስ አያገባውም።

ሐዋሳዊ፦
የዓሣው ምሳ ላይ ሰውየው ምን እንዳለ ጻፍልን። በሐቅ።

የማርቆሱ ልጅ፦
እጽፋለሁ፣ ቢያፍርም ባያፍርም። @ባለ ሞተር፣ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ወደቡ ላይ ትኖራለህ?

ባለ ሞተር፦
ወረፋዬ ከሆነ እኖራለሁ፤ ካልሆነም የማምነውን ሰው አገናኝሃለሁ፣ በግል መልእክት ጻፍልኝ። ለእናትህ ጋቢ አትርሳ፣ ጠዋት ውሃው ላይ ይበርዳል። ወደ ጀልባ ሲገቡ መሐል ላይ ይቀመጡ፣ ከፊት አፍንጫው ላይ አይሁን። ዘጌ ወደቡ ላይ መውጫው ድንጋይ ነው፣ ስለሚያንሸራትት ክፍት ጫማ አይሁን። አንተ ቀድመህ ውረድና እጃቸውን ያዝ።